«ማን ይምጣልሽ?»

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን የድሮ የበቅሎ መንገድ የሚያውቅ ሰው፣ በሳይክል ወረድኩበት ስለው ዛሬም ይስቅብኛል። ልክ ነው። መንገድ ከማለት ደረጃ ማለት ይቀላል። እኔ ግን ወርጄበታለሁ፤ ሙሉውን ባይሆንም። ከዚያ ወዲህ ሰውን የማይበት ዓይን የተቀየረው እዚያ ቁልቁለት ግርጌ ወድቄ ነው። እስቲ ከመነሻው ልንገራችሁ።

ጊዜው ሞባይል ገና የነጋዴና የባለሥልጣን ዕቃ የነበረበት ነው። ደምበል ሕንፃ ሲከፈት አካባቢ በሉት። እኔ ሰላሳ ሊሞላኝ ትንሽ ቀርቶኛል። ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። የምኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ እናቴ ትታልኝ በሄደችው የቀበሌ ቤት ነው። አባቴ የሞተው ልጅ ሆኜ ነው። እናቴ ደግሞ ከዚህ ጉዞ በፊት በነበረው ዓመት አረፈች። ወንድምም እህትም የለኝም።

የእናቴ ለቅሶ ድንኳን ሲነሳ ሰዉም አብሮ ተነሳ። ማንንም አልወቅስም፤ ሁሉም የራሱ ኑሮ አለው። እኔም ብሆን የሚቀርቡኝ ሰው አልነበርኩም። ጠዋት ቀድሜ እወጣለሁ፣ ማታ መሽቶ እገባለሁ፣ በሬን እዘጋለሁ። ከቅዳሜ ከሰዓት እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ቃል ከአፌ ሳይወጣ የሚያልፍባቸው ሳምንታት ነበሩ። ሰኞ ቢሮ ገብቼ «እንዴት አደራችሁ» ስል ድምፄ ሻክሮ ይወጣል። ጉሮሮዬን ጠርጌ እደግመዋለሁ።

ከግቢያችን በር ፊት ለፊት የእትዬ ነፊሳ ሱቅ ነበረች። እትዬ ነፊሳ ስልጤ ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸው በዚያች ጠባብ ሱቅ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴትዮ። ስኳር፣ ሻማ፣ ሳሙና፣ ላምባ ይሸጣሉ። ሱቃቸው የሚከፈልበት ስልክም ነበራት፤ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር ላይ «ስልክ አለ» የሚልና ቁጥሩ በትልልቅ ነጭ ቀለም ተጽፏል። መስኮቴን ስከፍት ከሁሉ በፊት የማየው ያንን ቁጥር ነው። እሳቸው ከእናቴ ጋር ይዋደዱ ነበር። ከእኔ ጋር ግን ከሰላምታ አናልፍም።

ሳይክሏን ያገኘሁት ከቢሮ ነው። አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ማውንቴን ባይኩን ትቶ ሄደ። ጎማው ሰፊና ጥርሳም ነው፣ ማርሹ ብዙ። ማንም አልፈለገውም። «እኔ ልውሰደው?» ስል ሁሉም ሳቁ። ሳይክል መንዳት ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ አብዮት አደባባይ ላይ በሚከራዩት ሳይክሎች፣ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ። ቢሮም የምመላለሰው በእሷ ሆነ፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ፣ ከቂርቆስ ወጥቼ በኦሎምፒያ አድርጌ እስከ ቦሌ ጫፍ እነዳና እመለሳለሁ። ሰው ያፈጣል። ሴት ልጅ፣ ሱሪ ለብሳ፣ በሳይክል። አንዳንዱ ይሳደባል፣ አንዳንዱ «ግፊ የኔ እህት» ይላል። ከሰው ጋር የማደርገው ንግግር ብዙ ጊዜ ይኸው ነበር።

እናቴ የአንኮበር ልጅ ናት። ትንሽ ሆና ከአክስቷ ጋር አዲስ አበባ መጥታ ከዚያ አልተመለሰችም። አባቷ እህል በበቅሎ ጭኖ ቁልቁል አልዩ አምባ ገበያ እንደሚወርድ፣ ጨውና ጥጥ ይዞ እንደሚመለስ ትነግረኝ ነበር። «ላዩ ብርድ ነው፣ ታቹ ሙቀት። አባባ ወንዙ ጋ ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ በቅሎዋ ላይ ይጥላል» ትላለች። የዓመት ፈቃዴን ስወስድ የት እንደምሄድ የጠየቀኝ አልነበረም። እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ሳይክሏን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ደብረ ብርሃን ወረድኩ፣ ከዚያ እስከ አንኮበር ነዳሁ።

አንኮበር በብርድና በጭጋግ ተቀበለችኝ። የድሮው ቤተ መንግሥት የነበረበት ጉብታ ላይ ወጣሁ፤ ከግንቡ የቀረው ትንሽ ነው። ቤተክርስቲያን ደጃፍ ያገኘኋቸውን አንድ ቄስ ስለ አያቴ ጠየቅኳቸው።

«አየለ ማን?» አሉኝ።

«አየለ ወልደየስ። በቅሎ ነበራቸው፣ አልዩ አምባ ይነግዱ ነበር።»

«ልጄ፣ አየለ ብዙ ነበር። በቅሎም ያለው ብዙ ነበር። የወልደየስ ልጆች በዚያ በኩል ነበሩ ሲባል ሰምቻለሁ» ብለው በመቋሚያቸው አንድ ተዳፋት አሳዩኝ።

ሄጄ አየሁት። የገብስ ማሳ ነው። ቤትም፣ የቤት ፍርስራሽም የለበትም። ማሳው ዳር ቆሜ ነፋሱ ገብሱን ሲያስተኛው አየሁና ተመለስኩ። የምጠይቀው ሌላ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ማለዳ ወደ አልዩ አምባ ተነሳሁ። የመኪናው መንገድ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ እኔ ግን በእግረኛው፣ አያቴ በቅሎውን በነዳበት ልውረድ አልኩ። መጀመሪያ ላይ ሳይክሏን ይዤ በእግሬ ወረድኩ። ጭጋጉ ከላዬ ቀረና ከታች ሸለቆው ተገለጠ፤ አረንጓዴ፣ ጥልቅ፣ በመሐሉ አይራራ ወንዝ እንደ ክር። እየወረድኩ ስሄድ አየሩ ሞቀ። ሹራቤን አውልቄ ወገቤ ላይ ሳስር እናቴ ያለችኝ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። መሬቱ ትንሽ ሲለሰልስ ኮርቻው ላይ ወጣሁ። እንደዚያ ቀን የነዳሁበት ቀን የለም። ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል፣ ጎማው ድንጋዩን ይነክሳል፣ እኔ ሁለቱንም ፍሬን ይዤ እየተንሸራተትኩ እወርዳለሁ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለሳይክሏ ነገርኳት። «በርቺ፣ ደረስን» እያልኩ።

ወንዙ ጋ ልደርስ ስል መንገዱ በድንገት ተጠመዘዘ። የፊት ጎማዬ ሁለት ድንጋይ መሐል ገብቶ ቆመ፤ እኔ ቀጠልኩ።

ስነቃ ይሁን ዓይኔን ስገልጥ አላውቅም፣ ከመንገዱ በታች ወንዙ ዳር አሸዋ ላይ ተጋድሜያለሁ። ቀኝ እግሬ ከጉልበቴ በታች ወደማይሆን አቅጣጫ ዞሯል። ልነሳ ስል የጮኽኩትን ጩኸት ራሴ አላወቅኩትም፤ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ሰዎች!» ብዬ ተጣራሁ። ወንዙ ከእኔ የበለጠ ይጮሃል። ከላይ በመንገዱ የሰውና የአህያ ጥላ ሲያልፍ አየሁ። ተጣራሁ፣ አልሰሙኝም። ሌሎችም አለፉ። ከመንገዱ ዳር ቁጥቋጦ ስላለ አያዩኝም። ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ገብታ ከፊቴ ላይ አልሄድም አለች። ውኃው ክንዴ የማይደርስበት ቦታ ላይ ይፈሳል፣ እኔ ከንፈሬን እልሳለሁ።

በሕመሙ መሐል አእምሮዬ እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ያስብ ጀመር። እዚህ መሆኔን ማን ያውቃል? ማንም። ፈቃዴ ሲያልቅ ቢሮ ስቀር ምን ይላሉ? «አሟት ይሆናል» ይላሉ። በሚቀጥለው ቀን አንዱ «ቤቷን የሚያውቅ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የሚያውቅ የለም። የቤቴ በር እንደተቆለፈ ይቆያል፣ ውስጥ ማድጋው ውስጥ ያለው ውኃ ይሸታል። ሰው ሲጠፋ የሚጮኽ ነገር መኖር አለበት፤ የእኔ ግን በጸጥታ የሚያልቅ ነው። ከሞት ይልቅ ያስፈራኝ ያ ነው። እስከዚያ ድረስ አላለቀስኩም ነበር፣ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከበላዬ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

«ሙሄ፣ እዚያ ታች የወደቀው ብረት ምንድነው?»

«ምን አውቄ። ሳይክል አይደለም?»

«ሳይክል ብቻውን ይመጣል? ሰው አለ እዚያ?»

«አለ» አልኩ፤ ድምፄ አልወጣም። አሸዋ ዘግኜ ወደ ላይ በተንኩ። የሴትዮዋ ፊት ከቁጥቋጦው መሐል ብቅ አለ። ዘይነባ ትባላለች፤ የአልዩ አምባ ሰው፣ አርጎባ ናት። ከባሏ ከሙሄ ጋር አንኮበር ገብስ ገዝተው በአህያ ጭነው ሲመለሱ ነው። ወርዳ አጠገቤ ተንበረከከች፣ መጀመሪያ ውኃ በእጇ እፍኝ አድርጋ አጠጣችኝ። ከዚያ ነው እግሬን ያየችው።

«አይዞሽ» አለች ቀስ ብላ። «ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ።»

«ከማን ጋር መጣሽ?»

«ብቻዬን።»

ወደ ባሏ ዞራ አየችው። ስለ እግሬ ካዘኑት ለዚህ የበለጠ እንዳዘኑ ገባኝ።

ገብሱን አውርደው ዛፍ ሥር አኖሩት፣ እኔን አህያዋ ላይ አወጡኝ። ነጠላዋን ቀድዳ እግሬን ከእንጨት ጋር አሰረችው። ሙሄ ሳይክሉን ሊተወው ፈልጎ ነበር፤ የእኔን ፊት አይቶ ትከሻው ላይ አንጠለጠለው። እስከ ከተማው ድረስ ጎማው ጆሮው ሥር እየዞረ፣ እሱ እየረገመው፣ ደረስን።

አልዩ አምባ የግመል ነጋዴ ከጨው ጋር የሚያርፍባት፣ ከሩቅ አገር ሰው የሚመጣባት ከተማ ነበረች ይላሉ። እኔ ያየሁት የድንጋይ ቤቶቿን፣ የመስጊዷን ጫፍና የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ የሚወጣባቸውን በሮች ነው፤ ያውም አህያ ላይ ተጣጥፌ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበረው ነርስ እግሬን ዳብሶ ራሱን ነቀነቀ።

«ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። እኔ ከማሰርና ከማስታገሻ በላይ ምንም የለኝም። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መግባት አለብሽ፤ መኪና የሚመጣው በገበያው ቀን ነው። እዚያም አብሮሽ የሚሆን ሰው ይፈለጋል። ወደ አንኮበር የሚወጣ ሰው አለ፣ ስልክ ያስደውልልሻል። ማን ይምጣልሽ?»

«ማንም» አልኩት።

«እናት? አባት?»

«ሞተዋል።»

«እህት፣ ወንድም? ባል? ጓደኛ?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ነርሱ እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ። ዘይነባ ከግድግዳው ተነስታ መጣች።

«አዲስ አበባን የሚያክል አገር ኖረሽ አንድ ሰው አጣሁ ትያለሽ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ እንዳልገባት ሰው ነው የጠየቀችኝ። «የሚያውቅሽ ሰው በይ። የሚወድሽ አላልኩሽም። የሚያውቅሽ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። የቢሮውን ስልክ አስቤ ተውኩት፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፣ እስከ ሰኞ የሚያነሳው የለም። ከዚያ ያ ሰማያዊ በር መጣልኝ፣ ነጩ ቁጥር በላዩ። አንድ በአንድ ጠራሁት።

«ማንን ጥሩ እንበል?» አለ ነርሱ።

«እትዬ ነፊሳን። ጎረቤቴ ናቸው። እኔ ሰብለ እባላለሁ።»

ይመጣሉ ብዬ አልነበረም። ነርሱና ዘይነባ ተስፋ አጥተው እንዳያዩኝ ያህል ነው የተናገርኩት።

እነ ዘይነባ ቤት ወሰዱኝ። መደባቸው ላይ አስተኝተው እነሱ መሬት ተኙ። ዘይነባ ጥጥ እየፈተለች አጠገቤ ትቀመጣለች። ማሽላ ገንፎ በቅቤ አብልታኛለች። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ስለ አያቴ ነገርኳት፣ ስለ ገብሱ ማሳም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ያህል ያወራሁበት ቀን አልነበረም። እሷ ዝም ስትል ግን ሕመሙ ይመለሳል፣ አብሮት ያ የወንዝ ዳሩ ሒሳብ ይመለሳል። ገበያው ሲደርስ ብቻዬን እንደምጫን ራሴን አሳመንኩ።

የገበያው ቀን ጠዋት አይሱዙው ሰውና ከረጢት ጭኖ ደረሰ። መኪናው ሲቆም፣ የሰው ጫጫታ ሲሞቅ፣ ግድግዳው ላይ ዓይኔን ተክዬ አዳምጣለሁ። በመሐል አንድ የማውቀው ድምፅ ተነሳ። ሻይ የሚሸጥ ሰው ላይ ይሁን ሾፌሩ ላይ አላውቅም፣ ይጨቃጨቃል።

«ሳይክል ያላት ልጅ ነው የምልህ! እግሯ የተሰበረ! በዚህ ከተማ ስንት እግሯ የተሰበረ ባለ ሳይክል አለ?»

እትዬ ነፊሳ በሩ ላይ ቆሙ። ሻሻቸው በአቧራ ነጥቷል። የሱቅ ሽርጣቸውን እንኳን ከቀሚሳቸው ላይ አላወለቁም። ቆመው እኔን፣ እግሬን፣ ጥግ ላይ የተደገፈችውን ሳይክል አዩ።

«አልሃምዱሊላህ» አሉና መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እትዬ ነፊሳ፣ ለምን መጡ?» ከአፌ የወጣው ይህ ነው። «ሱቁስ?»

«ዘግቼዋለሁ። ሱቅ ምን ይሆናል?» ጫማቸውን አውልቀው አቧራውን አራገፉ። «ይልቅ አንቺ ለምን ሳትነግሪኝ ሄድሽ?»

እሳቸው ጫማቸውን እያዩ ቀጠሉ።

«ማታ ማታ መብራትሽ ሳይበራ ሱቅ አልዘጋም እኮ። እናትሽ ካረፈች ጀምሮ። አንቺ አምሽተሽ ነው የምትመጪው፤ ሳይክልሽን ስትገፊ ካቴናው ሲንኳኳ እሰማለሁ፣ ከዚያ ነው የምዘጋው። የሄድሽ ቀን ማታ ጠበቅሁ፣ የለሽም። በማግስቱ ግቢው ውስጥ ጠየቅሁ፣ የሚያውቅ የለም። ካዛንቺስ ትሠራለች እንጂ የት እንደሆነ ማን ያውቃል? ካዛንቺስ ሄጄ ሳይክል የምትነዳ ሴት እያልኩ ስጠይቅ ዋልኩ። ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ።»

«ፖሊስ ጣቢያ?»

«አዎ። ልጁ ‹ምንዎ ናት?› አለኝ። ጎረቤቴ ስለው፣ ‹የጠፋ ሰው ቤተሰብ ነው የሚያመለክተው› አለኝ። እንግዲያው ቤተሰብ ነኝ አልኩት።» ጫማቸውን መልሰው እያጠለቁ፣ «ወላሂ፣ እዚያ ስቀመጥ እናትሽን ነው ያፈርኩት። ልጅሽ አጠገቤ እያለች ጠፋች ልላት ነው?» አሉ።

ዘይነባ በሩ ላይ ቆማ ታዳምጥ ነበር። ገብታ ለእትዬ ነፊሳ የእጅ መታጠቢያ ውኃ አቀረበች። ሁለቱ ሴቶች ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ አገር፣ ስለ ልጆች፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ፤ እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ወንዙ ዳር ሆኜ የሠራሁት ሒሳብ ስህተት ነበር። ያ ሁሉ ሰዓት «ማንም አያውቅም» ስል፣ ቂርቆስ ላይ አንዲት ሴትዮ ሱቃቸውን ከፍተው መንገድ መንገዱን ያዩ ነበር።

ደብረ ብርሃን ጀሶ ታሰረልኝ። እትዬ ነፊሳ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አደሩ። ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ጣላቸው፤ ራሳቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። እስክንደርስ አልተነቃነቅሁም።

ውድ አንባቢዎች፣ ከዚያ በኋላ ብቸኝነቴ ጠፋ ብላችሁ አልዋሻችሁም። እግሬ ድኗል፣ በክረምት ትንሽ አነክሳለሁ። እትዬ ነፊሳ ጋ ማታ ማታ ሱቃቸው ውስጥ ከረጢት ላይ ተቀምጬ አመሽ ጀመር፤ ብዙ አናወራም ነበር። ለዘይነባ በገበያተኛ እጅ ሻሽና ሳሙና እልካለሁ፣ እሷም በርበሬ ትልክልኛለች። ግን ሰው ሆኖ ብቻውን የሚተኛ ሁሉ የሚያውቀው ዝምታ አለ፤ እሱ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። የተለወጠው ሌላ ነው። ስንቶቻችን ነን «ማንም የለኝም» የምንል፣ የማናየው ሰው ግን መብራታችንን እየጠበቀ ሱቁን ሳይዘጋ የሚያመሽልን? እናንተስ የማንን የእግር ኮቴ ስትሰሙ ነው «ገባች፣ ገባ» ብላችሁ የምትተኙት? ያ ሰው እንደምትጠብቁት ማወቁን እርግጠኛ ናችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። ሳላውቅ ልሞት ነበር።

በኋላ ሠፈራችን ፈረሰ። እትዬ ነፊሳ አየር ጤና ልጃቸው ጋ ገቡ፣ እስኪያርፉ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄድ ነበር። ለእኔ ኮንዶሚኒየም ደረሰኝ፣ ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ። ዕቃዬን ባስገባሁበት ዕለት ከሰዓት ቤቱ ውስጥ ቆሜ አዳመጥኩ። የማውቀው ድምፅ አልነበረም። የድሮዋ ሰብለ በሯን ትዘጋ ነበር። እኔ ወጥቼ ፊት ለፊት ያለውን በር አንኳኳሁ።

ፒጃማ የለበሱ፣ ጋዜጣ የያዙ ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ከኋላቸው ያለው ቤት ጸጥ ያለ ነው።

«ሰብለ እባላለሁ» አልኳቸው። «ዛሬ ነው የገባሁት። ብቻዬን ነው የምኖረው። እሁድ እሁድ በማለዳ በሳይክል እወጣለሁ፣ ከምሳ በፊት እመለሳለሁ። ባልመለስ እባክዎን ይጠይቁልኝ።»

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ረጅም ጊዜ አዩኝ። እብድ የመሰልኳቸው ይመስለኛል።

«እሺ» አሉና በሩን ዘጉት።

በሚቀጥለው እሁድ ከመንዳት ስመለስ ሳይክሌን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ደረጃውን ወጣሁ። ቁልፌን ከኪሴ ሳወጣ ከኋላዬ የሽማግሌው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ዞርኩ። ዓይናቸውን ብቻ አየሁ። ከዚያ በሩ ተዘጋ።